በብርድ ወራት ከቁራጭ አዲስ ተክል ፖት ውስጥ ስለማብቀል

ብዙ ሰው ብርዱ ሲገባ የአትክልት ነገር እስኪሞቅ ድረስ ዝግ ነው ብሎ መቀሱን ያስቀምጣል። ከቁራጭ (ከቲንግ የሚሉት) ተክል ለማባዛት ግን እንደውም አሪፍ ጊዜ ነው፣ ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ስትቆርጡት ብዙም አይጎዳም፣ በሞቃቱ ወቅት ያጠራቀመው ምግብ ግንዱ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ቅጠል ስለሌለው ደግሞ ውሃ የሚያተንበት ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ቤት ውስጥ ያሉት ለስላሳ ተክሎችም ቢሆኑ መስኮት ዳር ትንሽ ቦታና ትንሽ ሙቀት ካገኙ ብርዱ ሳያልፍ ስር ይሰዳሉ። ብቻ አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ፣ በዚህ ወቅት ቁራጭ የሚገድለው ብርዱ ብቻ አይደለም፣ ባብዛኛው ውሃ ማብዛትና "እስቲ ስር አወጣ ወይ" እያሉ መንቀል ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁት ተክል ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ፣ ምክንያቱም አያያዛቸው ጭራሽ አይገናኝም። አንደኛው ወገን ቅጠሉን አራግፎ ደረቅ እንጨት መስሎ የሚከርመው ነው፣ ወይን፣ በለስ (ዛፉ እንጂ ቁልቋሉ አይደለም)፣ ሮማን፣ ሙልቤሪ፣ ጽጌረዳ፣ ሃይድራንጂያ፣ አኻያ የመሳሰሉት። እነዚህ ብርድ ይችላሉ፣ እንደውም ቅዝቃዜው ይስማማቸዋል። ሁለተኛው ወገን ውርጭ የሚገድለው ለስላሳው ነው፣ ጄራኒየም፣ ኮሊየስ፣ ፉሺያ፣ ቤጎኒያ፣ ፖቶስ፣ እነዚህን ውርጭ ሳይነካቸው በፊት ቆርጦ ቤት ማስገባት ነው፣ ትልቁን ተክል ከነፖቱ አስገብቶ ቦታ ከማጣበብ ከጫፉ ቆርጦ ትንንሽ ልጆች ማሳደግ ይቀላል። መሃል ላይ ደግሞ እንደ ጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) እና ላቬንደር ያሉ አሉ፣ ግማሽ እንጨት ግማሽ ለስላሳ፣ ቅጠላቸውን የማያራግፉ፣ እነሱ ትንሽ ግትር ናቸው ግን ይሆናሉ።

ከደረቁ ወገን ልጀምር። ቁረጡ የሚባለው ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ከረገፈ በኋላ ጉጡ (ቅጠል የሚወጣባት እብጠት) መነፋት ሳይጀምር ነው፣ ከባድ ውርጭ ባለበት ቀን ግን ተዉት። የምትመርጡት ያለፈው ወቅት የበቀለውን ቅርንጫፍ ነው፣ ውፍረቱ እርሳስ ቢያክል ጥሩ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቀጭንና ያልጠነከረውን ቆርጣችሁ ጣሉት እሱ ውስጥ ስንቅ የለም። ርዝመቱ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቢያንስ 3 ወይም 4 ጉጥ ይኑረው። ከታች በኩል ከጉጡ ስር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከላይ በኩል ከጉጡ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ሰያፍ አድርጉት። ሰያፉ ውሃ እንዳይቋጥር ነው ይባላል እውነት ነው፣ ግን ዋናው ጥቅሙ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ ነው፣ ቅጠል የሌለው እንጨት ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ስታዩት ግራ ያጋባል። ተገልብጦ ከተተከለ ደግሞ ነገሩ አበቃ፣ ስር እንዲወጣ የሚያዘው ሆርሞን (ኦክሲን ይሉታል) በግንዱ ውስጥ የሚወርደው ከጫፍ ወደ ስር በኩል ነው፣ ተክሉ ብትገለብጡትም የድሮ አቅጣጫውን አይረሳም።

መቀሱ ስለታም ይሁን፣ የደነዘዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ቦታ ደግሞ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ ምላጩን በ70 ፐርሰንት አልኮል ጠረግ አድርጉ፣ በሽታ የሚተላለፈው እንደዛ ነው። በለስ ስትቆርጡ ነጭ ወተት ይወጣል፣ ቆዳ ያሳክካል ጓንት አድርጉ፣ አይናችሁን በዛ እጅ እንዳትነኩ። ፖይንሴቲያም እንደዛው ነው፣ የሱን የተቆረጠ ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ ወተቱን አቁሙት።

ዛሬ ቆርጣችሁ ዛሬ መትከል ካልተመቻችሁም ችግር የለም፣ የደረቁን ወገን እርጥብ ወረቀት (እርጥብ ማለት ተጨምቆ ውሃ የማይንጠባጠብ) ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ብታስቀምጡት ለሳምንታት ይቆያል። አልፎ አልፎ ከፍታችሁ ሻጋታ ካለ እዩ። ፍሪጁ ውስጥ ብዙ ፍራፍሬ ካለ ግን አይመከርም፣ የበሰለ ፍሬ የሚለቀው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ጉጡን ያበላሻል።

አሁን ስለ አፈሩ፣ እዚህ ጋር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከጓሮ የመጣ አፈር ፖት ውስጥ ሲገባ ይጠቀጠቃል፣ ፍግ ያለበት ለም አፈር ደግሞ ስር ለሌለው እንጨት ምንም አይጠቅመውም እንደውም የሚያበሰብሱትን ይቀልባል። ቁራጭ ምግብ አይፈልግም፣ የሚበላበት አፍ ገና አላወጣም እኮ፣ የሚፈልገው አየርና እርጥበት ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሽ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጥ ብናኝ) ወይም ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የደረቀ የሞስ ብናኝ)፣ ግማሽ ፐርላይት (ነጭና ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ቀላቅሉ፣ ፐርላይት ካጣችሁ ሻካራ የታጠበ አሸዋ ይሆናል (ደቃቁ አይሆንም ሲሚንቶ ነው የሚመስለው)። እርጥበቱን ለመለካት በእፍኛችሁ ያዙና ጨምቁት፣ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው፣ ከጣታችሁ መሃል ከፈሰሰ በዝቷል በፀሐይ ዘርግታችሁ አናፍሱት።

ፖቱን በተመለከተ ለደረቁ ወገን ጠለቅ ያለ ይሁን፣ ምክንያቱም ከቁራጩ ሁለት ሶስተኛው አፈር ውስጥ ይገባል ከላይ የሚታየው አንድ ወይ ሁለት ጉጥ ብቻ ነው። ይሄ ብዙ ሰው አይዋጥለትም፣ "ምነው ቀበርከው" ይላል፣ ግን አፈር ውስጥ ያለው ክፍል አይደርቅም ከላይ የቀረው ነው የሚደርቀው፣ ስለዚህ በዛ ያለውን መቅበር ነው የሚያዋጣው። አንድ ሰፊ ፖት ውስጥ በርካታ ቁራጭ ዙሪያውን ጠርዙን አስይዞ መትከል ይቻላል፣ ጠርዝ ጠርዙ አየር የተሻለ ያገኛል። በእርሳስ ቀድማችሁ ቀዳዳ አብጁለት፣ ዝም ብላችሁ ከወጋችሁት ልጡ ይላጣል የቀባችሁትም ሆርሞን አፍ ላይ ተጠራርጎ ይቀራል።

ሆርሞን ስል የስር ማብቀያ ዱቄቱን ነው፣ ውስጡ ያለው ባብዛኛው አይቢኤ የሚባለው ነው፣ ለለስላሳ ተክል 0.1 ፐርሰንት አካባቢ ያለው ይበቃል ለጠንካራ እንጨት እስከ 0.8 ፐርሰንት ይሄዳሉ። ከእቃው ውስጥ ቀጥታ አትንከሩ፣ ትንሽ ወረቀት ላይ አፍስሳችሁ የተረፈውን ጣሉት፣ አለበለዚያ እርጥበትና ጀርም ወደ እቃው ይገባል። ከነከራችሁ በኋላ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ ትርፉን አራግፉ፣ በዛ ማለት ተሻለ ማለት አይደለም፣ ሲበዛ ጭራሽ ስር ይከለክላል። ማርና ቀረፋ የሚሉም አሉ፣ እንደ ሆርሞን ግን አትቁጠሯቸው፣ ቀረፋ ሻጋታ ትንሽ ይቋቋም ይሆናል እንጂ ስር አያወጣም። አኻያ፣ ወይን፣ ኮሊየስ፣ ፖቶስ ላይ ዱቄቱም ራሱ አያስፈልግም ብራችሁን አትጨርሱ።

ከዛ ፖቱን የት እናስቀምጥ? የደረቁ ወገን ውጭ መክረም ይችላል፣ ንፋስ የማያገኘው ግድግዳ ስር ወይም የመስታወት ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ። አንድ ማወቅ ያለባችሁ መሬት ላይ ከተተከለው ይልቅ ፖት ውስጥ ያለው ቶሎ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ብርዱ ከጎንም ከታችም ይገባላ፣ ስለዚህ ፖቶቹን አጠጋግታችሁ ሰብስቡና ዙሪያቸውን በጆንያ ወይም በዛ አረፋ አረፋ ባለው ላስቲክ ጠቅልሏቸው። በረዶ ከላይ ቢከመርባቸው አትደንግጡ ብርድ ልብስ ነው የሚሆናቸው። አፈሩ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ግን ቁራጩን ወደ ላይ እየገፋ ያወጣዋል፣ ከቀለጠ በኋላ እየዞራችሁ በአውራ ጣት ወደ ታች ጫን ጫን አድርጉት፣ አፈሩና እንጨቱ ከተለያዩ ስር የለም። እነዚህ የብርዱን ወራት ሙሉ ምንም ሲያደርጉ አይታዩም፣ በታች በኩል ግን የተቆረጠው ቦታ ላይ ነጣ ያለ ጠባሳ (ካለስ) እየሰሩ ነው፣ ስሩ የሚመጣው ሲሞቅ ነው።

ቤት ውስጥ ማፍጠን ከፈለጋችሁ ደግሞ ሚስጥሩ ከታች ሙቅ ከላይ ቀዝቀዝ ነው። ከስር ያለው አፈር ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከላይ ያለው አየር ደግሞ ከ15 እስከ 18 ቢሆን ማለት ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ሁሉንም ሙቅ ክፍል ውስጥ ካደረጋችሁት ጉጡ ቀድሞ ይነቃል፣ ቅጠል ያወጣል፣ ቅጠሉ ውሃ ይጠይቃል፣ የሚያመጣለት ስር የለም፣ ያለችውን ስንቅ ጨርሶ ጠውልጎ ይሞታል። በለስ ላይ ይሄ በጣም ያጋጥማል፣ የሚያምር አረንጓዴ ቅጠል አውጥቶ ሰው ሁሉ ፎቶ አንስቶ ከጨረሰ በኋላ ድርቅ። ስለዚህ ቅጠል ስታዩ በቃ ያዘ ብላችሁ ወደ ትልቅ ፖት አትሩጡ፣ ቅጠል የስር ማስረጃ አይደለም። ሂት ማት (ከስር የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ) ካላችሁ ከፖቱ ስር ዘርጉት፣ ከሌላችሁ ፍሪጅ አናት ላይ ለብ የሚል ቦታ ካለ ይሞከራል፣ ቅጠል የሌለው እንጨት እስኪነቃ ድረስ ብርሃን አያስፈልገውም። ማሞቂያ ላይ ቀጥታ ግን አታስቀምጡ፣ ያደርቀዋል።

ለለስላሳው ወገን አቆራረጡ ይለያል። ከጫፍ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ አበባ የሌለበትን ቅርንጫፍ፣ ከአንጓው ልክ ስር ቁረጡ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ፣ ከላይ 2 ወይ 3 ቅጠል ብቻ ይቅር፣ እምቡጥ ካለው ብታዝኑም ቁረጡት፣ አበባ ሊያወጣ የሚያወጣውን ጉልበት ስር ላይ ያውለው። ቅጠሉ በጣም ሰፊ ከሆነ (ሃይድራንጂያ ቅጠል ኖሮት ሲቆረጥ ማለቴ ነው) ግማሹን በመቀስ ቁረጡለት። ተክላችሁ ውሃ ካጠጣችሁ በኋላ ግልፅ ፌስታል አልብሱት፣ ዱላ ነገር ሰክታችሁ ቅጠሉን እንዳይነካ፣ በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን ትንሽ ገልጣችሁ አናፍሱት። ጄራኒየም ግን ፌስታል አይወድም፣ ግንዱ ራሱ ውሃ የቋጠረ ነው፣ ቆርጣችሁ ለሰዓታት ጥላ ላይ አስቀምጡት ቁስሉ ይድረቅ፣ ከዛ ሳትሸፍኑ ትከሉት። ቁልቋል መሳይ ወፍራም ተክሎችን ደግሞ ለቀናት አድርቋቸው። በዚህ ከተቻኮላችሁ ግንዱ ከታች ጥቁር ይሆንና እየለሰለሰ ወደ ላይ ይወጣል፣ እሱ ከመጣ መድሃኒት የለውም፣ ከጥቁሩ በላይ ጤነኛውን ቆርጦ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ብርሃን በዚህ ወቅት አጭር ስለሆነ ቅጠል ያለውን መስኮት ዳር አድርጉት፣ ግን ማታ መጋረጃ ስትዘጉ ፖቱ በመጋረጃውና በመስታወቱ መሃል እንዳይቀር፣ እዛ መሃል ያለው አየር ከክፍሉ በጣም ይቀዘቅዛል። ማታ ማታ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጉት። ብርሃን ጭራሽ ከሌለ ኤልኢዲ መብራት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ታይመር አድርጋችሁ ብታበሩለት ይበቃል።

ውሃው ጋር መጣን። በብርድ ወራት በቀን መቁጠሪያ ውሃ አይጠጣም፣ "ሰኞና ሐሙስ" የሚል ፕሮግራም ካላችሁ ሰርዙት። ቀኑ አጭር ነው፣ ተክሉ ስር የለውም፣ ውሃው የትም አይሄድም፣ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ አየሩን ያስወጣል፣ ከዛ መበስበስ። ፖቱን አንሱት፣ ከብዶ ከተሰማችሁ ተዉት፣ ቀለል ካለ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፣ እዛ ድረስ ከደረቀ ብቻ ከቧንቧ በቀዘቀዘው ሳይሆን ክፍል ውስጥ በዋለ ውሃ አጠጡ። ከስር ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ፖቱ ላይ ሲበሩ ካያችሁ አፈሩ ሁሌ እርጥብ ነው ማለት ነው፣ ልጆቻቸው አዲሱን ስር ይበላሉ፣ ላዩን አድርቁት፣ ቢጫ የሚያጣብቅ ካርድ አጠገቡ ስቀሉ።

ውሃ መመጠን ለሚያስቸግረው ሰው አንድ የቆየ ዘዴ አለ፣ ፎርሳይት ፖት ይሉታል። ሰፋ ያለ ፖት ውሰዱ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀለም ያልተቀባች የሸክላ ፖት አስቀምጡ፣ የትንሿን የታች ቀዳዳ በቡሽ ወይም በሰም ግጥም አድርጋችሁ ድፈኑት። በሁለቱ መሃል ያለውን ቀለበት በፐርላይቱ ድብልቅ ሙሉ፣ ቁራጮቹን እዛ ቀለበት ላይ ዙሪያውን ትከሉ፣ ከዛ ትንሿን ፖት ብቻ ውሃ ሙሏት። ሸክላው ውሃውን በግድግዳው እያሳለፈ ድብልቁ ሲደርቅ ይሰጠዋል፣ ሲረጥብ ይቀንሳል፣ የናንተ ስራ ትንሿ ስትጎድል መሙላት ነው። በላስቲክ ፖት ወይም ቀለም በተቀባ ሸክላ ግን አይሰራም፣ ውሃ አያሳልፉም።

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማብቀልስ? ለፖቶስ፣ ኮሊየስ፣ ናና፣ በሶብላ ይሆናል፣ ማየቱም ደስ ይላል። ውሃውን በየጥቂት ቀኑ ቀይሩ፣ ቅጠል ውሃ ውስጥ አይግባ። ብቻ ስሩ እንደ ጢም እስኪንጀላጀል አትጠብቁ፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ወደ አፈር አዛውሩት፣ ውሃ ውስጥ ያደገ ስር ለአፈር እንግዳ ነው፣ ለዛም መጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት አፈሩን ከሌላው ጊዜ ትንሽ እርጥብ አድርጉት። እንጨት የሆነውን ወገን ግን ባብዛኛው ውሃ ውስጥ አልመክርም፣ አኻያ ካልሆነ በቀር ብዙው ይበሰብሳል። በቅጠል ብቻ የሚባዙም አሉ፣ ስኔክ ፕላንት ቅጠሉ ተቆራርጦ ይበቅላል፣ እሱም ላይና ታቹ እንዳይገለበጥ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነው አይነት ግን ከቅጠል ሲባዛ ቢጫውን ጥሎ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ቢጫውን ከፈለጋችሁ ከነስሩ መክፈል ነው ያለው።

ስር መያዙን እንዴት እንወቅ፣ ሳንነቅል። ቀላሉ በግልፅ የላስቲክ ኩባያ መትከል ነው፣ ከታች ቀዳዳ ብሱ፣ ከዛ ኩባያውን ብርሃን በማያሳልፍ ሌላ ኩባያ ውስጥ ክተቱት፣ ማየት ሲያምራችሁ አውጥታችሁ ታያላችሁ፣ ነጫጭ ስር ግድግዳው ላይ ሲሄድ ይታያል። ብርሃን ከተተወበት ግን አረንጓዴ አልጌ ይይዘዋል። ለሌሎቹ ቅጠሉን ይዛችሁ በጣም በቀስታ ሳብ አድርጉ፣ አልነቀል ብሎ ከያዘ ስር አለ፣ ተከትሏችሁ ከመጣ ወደ ቦታው መልሱትና ተዉት። ለስላሳዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ የጥብስ ቅጠል እስከ 8 ሳምንት ሊሄድ ይችላል፣ ደረቁ ወገን ውጭ ከሆነ እስከ ጸደይ።

ስር የያዘውን ስታዛውሩ ከ9 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አፍ ያለው ፖት ይበቃዋል፣ ትልቅ ፖት ውስጥ ትንሽ ተክል ማለት የማይጠጣ እርጥብ አፈር ማለት ነው። አዲስ ስር በተለይ የበለስ እንደ መስታወት ይሰበራል፣ ግንዱን ሳይሆን ከነአፈሩ ከታች ደግፋችሁ አውጡ። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል በደንብ እስኪመጣ የለም፣ ሲጀመርም በግማሽ መጠን። ወደ ውጭ የምታወጡት ውርጭ ሲያበቃ ነው፣ እሱም መጀመሪያ ጥላ ላይ ለጥቂት ሰዓት፣ ከሳምንት እስከ 10 ቀን እያስለመዳችሁ። ውጭ የከረሙትን የደረቁን ወገን ደግሞ ቅጠል አወጡ ብላችሁ አትንኩ፣ እስከ ቀጣዩ ቅጠል መርገፊያ ድረስ እዛው ፖት ውስጥ ይቆዩ።

ሁሉም ነገር ከቁራጭ አይበቅልም ደግሞ፣ ፖም፣ ዋልነት፣ ማንጎና አቮካዶ በዚህ መንገድ በጣም ያስቸግራሉ፣ ለዛ ነው በማዳቀል (ግራፍቲንግ፣ የአንዱን ቅርንጫፍ ስር ባለው በሌላ ግንድ ላይ ማጣበቅ) የሚባዙት፣ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ። ከገበያ የተገዛ ጽጌረዳ ወይም ሌላ ዝርያ መለያው ላይ ማባዛት ክልክል ነው የሚል ካለው ደግሞ አባዝቶ መሸጥ በህግ ያስጠይቃል።

ስሙን ጻፉበት በተረፈ፣ በየፖቱ የተክሉን ስምና የተቆረጠበትን ቀን፣ በእርሳስ ይሁን፣ ተራ የእስክሪብቶ ቀለም በፀሐይና በውሃ ይጠፋል እርሳስ ግን ላስቲክ ላይም ይቆያል። ቅጠል የሌለው ወይንና ቅጠል የሌለው ሮማን ለየብቻ ስታዩዋቸው የማይምታቱ ይመስላችኋል፣ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ላይ ቆመው ስታገኟቸው ግን እናያለን።